ሳይታወጅ የተጣለ ግብር፦ የ2017 በጀት ዓመት ከተወካዩ ወንበር ሲታይ

ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ2017ን የፌዴራል መንግሥት በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር አድርጎ አጸደቀ። በሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ክረምቱ ነው፤ ተወካዩ ወደ መረጠው ሕዝብ ወርዶ መንገዱ ለምን እንደቆመ፣ ውኃው መቼ እንደሚመጣ፣ ማዳበሪያው ለምን እንደተወደደ የሚጠየቅበት ጊዜ። በዚያ ዓመት ግን የበጀት ድምፅ በተሰጠ በ25ኛው ቀን፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። ሰኔ 27 ቀን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ተወካዩ ድምፅ የሰጠበት ቁጥር በወረቀቱ ላይ አልተለወጠም፤ የሚገዛው ነገር ግን ተለወጠ።

ይህ ዳሰሳ ያን ዓመት ከምክር ቤቱ ወንበር ሆኖ ለማየት የሚሞክር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 11 ላይ ለምክር ቤቱ ሁለት ነገር ሰጥቷል፤ ለፌዴራል መንግሥት በተተወው የገቢ ምንጭ ላይ ግብርና ታክስ የመጣልና የፌዴራሉን በጀት የማጽደቅ ሥልጣን። ሕዝብ ለተወካዩ ከሰጠው ሥልጣን ሁሉ ከኪሱ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ይህ ነው። የ2017ን ሰነዶች ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሼ ስመለከት ያስጨነቀኝ፣ የዓመቱ ከባድ ውሳኔዎች በብዛት ድምፅ በተሰጠባቸው ቀናት አለመወሰናቸው ነው። አንዳንዱ ከድምፁ በኋላ ተወሰነ፤ ሌላው ደግሞ ማንም ሳይወስነው፣ ሕጉ ባለበት ስለቆመ ብቻ በሰው ላይ ወደቀ።

በጀቱ ሲጸድቅ 451.3 ቢሊዮን ብር ለመደበኛ ወጪ፣ 283.2 ቢሊዮን ለካፒታል፣ 222.7 ቢሊዮን ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ቢሊዮን ለዘላቂ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተመድቦ ነበር። ከ358 ቢሊዮን ብር በላይ ጉድለት ነበረበት። 971.2 ቢሊዮን ብር በዚያን ዕለት የባንክ ምንዛሪ ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ዶላሩ 120 ብር ሲደርስ ያው ገንዘብ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። በእርግጥ ከለውጡ በፊትም በጥቁር ገበያ የሚመነዘረው ዶላር ከባንኩ ተመን እጥፍ ስለነበር፣ 17 ቢሊዮን የሚለው ቁጥር ያኔም ቢሆን እውነተኛ አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል። ደመወዝም በዶላር አይከፈልም። ነገር ግን ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ መድኃኒቱና የውጭ ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነው፤ መንግሥትም ለእነዚህ የሚያስፈልገውን በአሮጌው ተመን ነበር ያሰላው።

የምንዛሪ ለውጡ ድንገት የመጣ ሐሳብ አልነበረም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በዚያው በሐምሌ 22 ለአራት ዓመት የሚቆይ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል፤ የዓለም ባንክም በማግስቱ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዷል። እንዲህ ያለ ስምምነት በአንድ ወር አይጨረስም። ድርድር በምስጢር መያዙ ይገባኛል፤ የምንዛሪ ተመን ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ ከወጣ ገበያው በአንድ ቀን ይናወጣል። ይሁን እንጂ በሰኔ መጨረሻ እጁን ያወጣው ተወካይ የሚያጸድቀው በጀት የቆመበት መሬት ሊነቀነቅ እንደሆነ የሚያመለክት አንዲት ገጽ፣ ሌላው ቢቀር «ምንዛሪው እንዲህ ቢሆን ወጪው እንዲህ ይሆናል» የሚል ሠንጠረዥ ሊኖረው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ምስጢር አያወጣም። በጀት የሚያዘጋጅ ሁሉ ለራሱ የሚሠራው ስሌት ነው።

ሒሳቡ በኅዳር መጣ። ኅዳር 19 ቀን 2017 ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ስሙ ተጨማሪ ይባል እንጂ መጠኑ ከመጀመሪያው በጀት 60 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከ1.55 ትሪሊዮን ብር ያልፋሉ። የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ ማሻሻያ፣ የነዳጅ፣ የማዳበሪያ፣ የመድኃኒትና የምግብ ዘይት ድጎማ፣ ሴፍቲኔት፣ የዕዳ ክፍያ በዚህ ውስጥ ነበሩ። ወጪዎቹን አንድ በአንድ ያየ ሰው «ይህ አያስፈልግም» ብሎ የሚሰርዘው ብዙ አያገኝም። ማዳበሪያ ሳይደጎም ቢቀር ገበሬው ምን ይዞ ይዘራ ነበር? የተወካዩ ችግር ወዲህ ነው። በሐምሌ የተወሰነ ነገር በኅዳር ሒሳቡ ሲቀርብለት ያለው ምርጫ መክፈል ወይም አለመክፈል ብቻ ነው። አለመክፈል ደግሞ የሚጎዳው ደሃውን ስለሆነ ይከፍላል። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ብሆን እጄን አወጣ ነበር።

ድጎማው እንዳለ ሆኖ ዋጋው መውጣቱን አላቆመም። በመስከረም መጨረሻ በሊትር 91 ብር ገደማ የነበረው ቤንዚን በግንቦት 122 ብር ገደማ ደረሰ። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ መጨመር ጀመረ። በኦፊሴላዊው ስሌት የዋጋ ግሽበቱ ከ20 በመቶ አካባቢ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል፤ ይህ መልካም ነው፣ መንግሥት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ መበደሩን መግታቱም አንዱ ምክንያት ነው። በኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ የጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ በዚህ ብድር ላይ ገደብ አኑሯል፤ ከዓመቱ ሕጎች ውስጥ ብዙ ሳይወራለት ያለፈው ይህ ይመስለኛል። ግን የግሽበት መጠን ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ገበያ የምትወጣ እናት የምታየው ዋጋውን ነው።

በዓመቱ ክርክር ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያላገኘው ጉዳይ የክልሎች ድጋፍ ነው። በ2015 በጀት ለክልሎች የተመደበው 209.4 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2017 ሲጸድቅ 222.7 ቢሊዮን ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጨመረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት የዋጋ ንረቱ በአንድ ዓመት ብቻ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ለዘላቂ ልማት ግቦች የሚመደበው ደግሞ በ2015 14 ቢሊዮን ነበር፣ በ2017 14 ቢሊዮን፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 በጸደቀው የ2018 በጀትም ያው 14 ቢሊዮን ነው። ከዚህ ገንዘብ የሚሠራው የገጠር የውኃ ጉድጓድ፣ ጤና ኬላና መንገድ ነው። የሲሚንቶውና የብረቱ ዋጋ በሦስት ዓመት ውስጥ የት እንደደረሰ ቤት የጀመረ ሁሉ ያውቃል።

የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 1.2 ትሪሊዮን የሚጠጋው ለመደበኛ ወጪ፣ 415 ቢሊዮን ገደማ ለካፒታል፣ 315 ቢሊዮን ገደማ ለክልሎች ተመድቧል። የክልሎቹ ድርሻ በብር ጨምሯል። በመቶኛ ሲታይ ግን በ2017 መጀመሪያ ከጠቅላላው በጀት 23 በመቶ የነበረው ወደ 16 በመቶ ወርዷል። መምህሩን፣ ነርሷን፣ የግብርና ባለሙያውን፣ የወረዳውን ጸሐፊ የሚቀጥረው ክልል ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚታወጅ የደመወዝ ማሻሻያ ወረዳ ሲደርስ ከየት እንደሚከፈል የሚጨነቀው የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነው። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለጠመኔ፣ ለጓንት፣ ለሞተር ሳይክል ነዳጅ የሚተርፈው ስንት ነው? የተወካዩ መራጭ መንግሥትን የሚያገኘው እዚያ ቢሮ ነው፤ ስለዚህ ይህን መቶኛ ከማንም በፊት ማንሳት የነበረበት ተወካዩ ነው። ክፍፍሉን በቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑ እውነት ነው። የሚከፋፈለው ዳቦ ምን ያህል ይሁን የሚለው ግን ሰኔ ላይ እዚህኛው ምክር ቤት የሚወስነው ነው።

ዕዳውን በአጭሩ ልለፈው። በታኅሣሥ 2016 ሀገሪቱ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን ወለድ መክፈል አቁማ ነበር፤ በ2017 መጋቢት ላይ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ዕዳ እንዲሸጋሸግ በመርህ ደረጃ ተስማማች፣ በዓመቱ መጨረሻም የመግባቢያ ሰነዱ ተፈረመ። ፋታ ነው። የተራዘመ ዕዳ ቀኑ ሲደርስ እንደሚመጣ የሚታወቅ ነው፤ የዛሬው ምክር ቤት የነገውን ምክር ቤት በጀት ከወዲሁ እየከፋፈለለት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ግብሩ። የመንግሥትን ክርክር በቅንነት ማቅረብ ይገባል። ከአሥር ዓመት በፊት ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት 12 በመቶ ያህል የነበረው የታክስ ገቢ ወደ 7 በመቶ አሽቆልቁሏል። ከ100 ብር ምርት 7 ብር የሚሰበስብ መንግሥት ትምህርት ቤት አይሠራም፤ ወይ ይበደራል ወይ ገንዘብ ያትማል፣ ሁለቱንም አይተናል። ስለዚህ «ግብር አይጨመር» የሚል ተወካይ ጉድለቱ በምን እንደሚሞላ መናገር አለበት። በ1994 የወጣውን የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ምጣኔውን በ15 በመቶ ትቶ ከታክስ ነፃ የነበሩትን አገልግሎቶች ዝርዝር አጠበበ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚፈጅ የኤሌክትሪክና የውኃ ተጠቃሚ በታክሱ ውስጥ ገባ። በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። ሁለቱም በመርህ ደረጃ ያስኬዳሉ። ባለ ፎቁ ከደመወዝተኛው በላይ ሊከፍል ይገባል፤ የንብረት ታክስ በሥርዓት ከተገመተና ለጡረተኛው ቤት ጥንቃቄ ከተደረገለት ይህን ሊያደርግ ይችላል።

የደመወዝ ግብር ነገር ሌላ ነው። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ600 ብር በታች ያለ ወርኃዊ ደመወዝ ከግብር ነፃ፣ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ እንዲከፍል ደነገገ። በወጣበት ጊዜ 600 ብር በባንክ ምንዛሪ 27 ዶላር ገደማ፣ 10,900 ብር ደግሞ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ሠንጠረዡ ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆየ። ጤፉ፣ የቤት ኪራዩ፣ ታክሲው ሲወጣ ደመወዙም እየተንፏቀቀ ተከተለ፤ በተከተለ ቁጥር ሠራተኛው ወደ ላይኛው እርከን ገባ። በ2017 በተሻሻለው የደመወዝ ስኬል የመንግሥት ዝቅተኛው ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ። ይህ ሰው የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ወይም ተላላኪ ነው። በ2008ቱ ሠንጠረዥ 20 በመቶ እርከን ውስጥ ይወድቃል፤ የወር ግብሩ 649 ብር ከ50 ሣንቲም ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ሲቀነስ እጁ የሚገባው 3,777 ብር ነው። የ2008ቱ ሕግ አውጪ 20 በመቶውን ሲጽፍ በመካከለኛ ገቢ የሚኖረውን ሰው አስቦ ነበር እንጂ ተላላኪውን አላሰበም። ተላላኪው 20 በመቶ ይክፈል ብሎ እጁን ያወጣ ተወካይ የለም። ግብሩ ግን ተጣለ፣ በየወሩም ተቆረጠ።

የዓመቱን በጀት ስናይ ልናተኩርበት የሚገባው ግብር ለእኔ ይህ ነው። ረቂቁ አይቀርብም፣ ለቋሚ ኮሚቴ አይመራም፣ ማብራሪያ አይሰጥበትም። ከደረሰኝ የሚሸሸውን ነጋዴ አይነካም፤ ደመወዙ ከመከፈሉ በፊት የሚቆረጥበትን ብቻ ያገኛል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለዓመታት በየሜይ ዴይ የጮኸው ለዚህ ነበር።

ሐምሌ 10 ቀን 2017 ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ይህን ጩኸት በከፊል መለሰ። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ 2,000 ብር ሆነ፤ የ10 በመቶው እርከን ቀርቶ ከ2,001 እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ እየጨመረ ከ14,000 ብር በላይ 35 በመቶ። የ4,760 ብሩ ሠራተኛ ግብር ከ649 ብር ከ50 ወደ 452 ብር ወረደ፤ በወር 197 ብር ከ50 ተረፈው። 14,000 ብርና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሁሉ እኩል 550 ብር ተረፈው። ከደመወዙ አንፃር ሲታይ የታችኛው ከላይኛው የተሻለ ቅናሽ አግኝቷል፣ ይህን አልክድም። ግን ያው ሚዛን ይዘን እንመልከተው። 2,000 ብር በጸደቀበት ወር ምንዛሪ 15 ዶላር እንኳ አይሞላም። 14,000 ብር 100 ዶላር ገደማ ነው። በ2008 500 ዶላር ገደማ የሚያገኝ ሰው ላይ የተጣለው 35 በመቶ አሁን 100 ዶላር የሚያገኘውን ይይዛል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው ማሻሻያ የቀነሰውን፣ ሳይጻፍ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት የተጨመረው በብዙ ይበልጠዋል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ብዙ ሀገሮች የግብር እርከኖቻቸውን በየዓመቱ ከዋጋ ግሽበት ጋር ያስተካክላሉ። አንዲት አንቀጽ ትበቃለች፤ «የገንዘብ ሚኒስቴር በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር የእርከን ማስተካከያ ሠንጠረዥ ለምክር ቤቱ ያቀርባል» የምትል። ማስተካከል ያልፈለገ ምክር ቤት አላስተካክልም ብሎ በግልጽ ድምፅ ይስጥበት። ያኔ ግብሩ የተጣለው በተወካይ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው አዋጅ ውስጥ ነጋዴውን የሚመለከተው ትልቁ ለውጥ ዝቅተኛው ግብር ነው። ሒሳብ የሚይዝ ግብር ከፋይ የሚደርስበት ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ በታች ከሆነ 2.5 በመቶውን ይከፍላል። ዓመት ከዓመት ኪሳራ እያሳወቁ ሱቃቸውን የሚያሰፉትን ለመያዝ የታሰበ ነው፤ እንዲህ ያሉ መኖራቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን በጅምላ ንግድ የሚኖር ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ብር ሽያጭ 500,000 ብር ቢያተርፍ በ30 በመቶው ስሌት 150,000 ብር ይከፍል ነበር። በአዲሱ 250,000 ብር ይከፍላል፤ የትርፉን ግማሽ። የትርፍ ህዳጉ ከ8 በመቶ ትንሽ ከፍ እስካላለ ድረስ በሐቅ የከፈለውም ከሸሸው ጋር አብሮ ይመታል። ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍለው ነጋዴ ይህን ልዩነት ከየት እንደሚያመጣው መገመት አያስቸግርም።

አነስተኛው ነጋዴ በበኩሉ የሚፈራው ግምትን ነው። በሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮች ሱቆች የተዘጉት ለዚህ ነበር። አዲሱ አዋጅ «ደረጃ ሐ» የሚባለውን የአነስተኛ ነጋዴዎች ደረጃ አስቀርቶ ሁሉንም ግብር ከፋይ በሁለት ደረጃ ከፍሏል። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመጸው ከምጣኔው ይልቅ መሬቱን ሊለካና ሊገምት የሚመጣውን ሰው ስላላመነ ነበር። የዚያ ዘመን ፓርላማ በረቂቁ ላይ ተከራክሮበት ነበር፤ ገበሬው ዘንድ የደረሰው ግን ክርክሩ አልነበረም፣ ገማቹ ነው። የዛሬው ተወካይ ስለ ግብር ሲያስብ ከአዋጁ ጽሑፍ አልፎ ጓንጓ ወይም ወሊሶ ላይ ደረሰኝ የሚጠይቀውን ሰው ማየት አለበት።

ጎረቤታችን ኬንያ በየዓመቱ ከበጀቷ ጋር የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ታቀርባለች፤ የግብር ጥያቄው በየዓመቱ በአደባባይ ይከፈታል ማለት ነው። እኛ በጀታችንን ከማጽደቃችን ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ሰኔ 18 ቀን 2016፣ ናይሮቢ ላይ ወጣቶች የዚያን ዓመት ረቂቅ በመቃወም ፓርላማው ድረስ ገብተው ደም ፈሰሰ፤ ፕሬዚዳንቱም በማግስቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ያ መንገድ ሰው የሞተበት ስለሆነ ለማንም አልመኘውም። ከዚያ የምወስደው ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት በሰፊው መቅረቡን ነው። እኛ ዘንድ ቋሚ ኮሚቴው የሚያዘጋጀው የአስተያየት መድረክ አለ፤ የጎደለው ጊዜ ነው። ረቂቅ በጀት በሰኔ መጀመሪያ ደርሶ በሰኔ መጨረሻ ይጸድቃል። በዚህ ሦስትና አራት ሳምንት ውስጥ 1.93 ትሪሊዮን ብር የሚመረምር ኮሚቴ ምን ያህል ሊቆፍር ይችላል? ረቂቁ በመጋቢት ቢደርሰው፣ የዋና ኦዲተሩም ሪፖርት ከበጀቱ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ፣ ባለፈው ዓመት ገንዘብ ያባከነ መሥሪያ ቤት በዚህ ዓመት ስንት እንደተመደበለት በአንድ ገጽ ላይ ማየት ይቻል ነበር።

ከ2018 መስከረም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ እንደገና ተሻሻለ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ9,056 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣች መምህርት የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ግብሯ 2,100 ብር ነው። በአዲሱ ሠንጠረዥ 30 በመቶው እርከን ውስጥ ገብታለች፤ ከመጨረሻው እርከን የሚለያት 2,500 ብር ነው።